«ቢራ ገባ» ሲሉኝ ሌላ መስሎኝ ነበር፦ ጥቅምት በገጠር፣ ቡቺና ጅቡ

የከዚራ ልጅ
ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ጀማዓ። ድሬ ተወልጄ ድሬ ነው ያደግሁት። ብርድ የሚባለውን ነገር በወሬ ነበር የማውቀው። አሁን ግን ሁለት ካልሲ ደርቤ፣ የአክስቴን ጋቢ ተከናንቤ ነው የምጽፍላችሁ።

ያለሁት ከሐረር ወደ ሐረማያ ከሚወስደው አስፋልት ወረድ ብሎ፣ በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ገባ ብሎ ነው። የአክስቴ ባል ወገባቸውን ስላመማቸው የማሽላ ጥበቃውን ላግዝ ብዬ መጣሁ። «ላግዝ» የምለው እኔ ነኝ። እነሱ ምን እንደሚሉት አልጠየቅኩም።

የመጣሁ ቀን ጎረቤታችን ሽማግሌ እጄን ጨብጠው «እንኳን መጣህ፣ ቢራ ገባ እኮ!» አሉኝ። ወላሂ ደነገጥኩ። እዚህ ሰፈር? ማን አስገባው? ስንት ነው የሚሸጡት? ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አክስቴ በሳቅ ፈረሰች። ለካ በኦሮምኛ ቢራ ማለት ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ የሚጠራበት ይሄ ወቅት ነው።

እና ይሄኛው ቢራ እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ! ጠዋት ሜዳው በጤዛ ነጭ ነው፤ አሥር እርምጃ ሳትሄድ ጫማህ ይበሰብሳል። ሦስት ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ጀርባህን ታሞቅሃለች እንጂ እንደ ድሬ አናትህን አትበሳም። ማሽላው ከእኔ ቁመት በላይ ሄዷል። ልጆቹ ከመሃል ጥንቅሽ እየመረጡ ይሰጡኛል። እኔ ራሴ የቆረጥኩት ሁሉ እንጨት እንጨት ይላል፤ እነሱ ግን ቅጠሉን አይተው ብቻ ያውቁታል። ማታ እሳት ዳር በቆሎ እሸት ይጠበሳል፣ ሆጃ ይፈላል። የቡና ገለባ ከወተት ጋር እንዲህ ይጣፍጣል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ችግሬ። ቡቺን ይዤው ነው የመጣሁት። የሦስት ዓመት ውሻ ነው። ድሬ ላይ ባጃጅ የሚያባርር፣ ቆሻሻ የሚሰበስቡትን ልጆች የሚያስጨንቅ ጀግና ነበር። ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ የአንድ ሰው ሒሳብ አስከፍሎኝ ነው የጫነው። በሁለተኛው ሌሊት ከሸለቆው በኩል ጅብ ጮኸ። ያ ረጅሙ፣ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣው ድምፅ። ቡቺ አንድም ጊዜ አልጮኸም። በሩን መቧጨር ጀመረ። አክስቴ ደግሞ «ውሻ ቤት አይገባም» ብላ ገና ከመኪና ሳልወርድ ነው የነገረችኝ። እኔም ሆዴ አልችል ብሎ ቀስ ብዬ ከፈትኩለት። ጠዋት ሰሌኑ ላይ የጭቃ እግሩን አገኘችው። እስካሁን በደንብ አላናገረችኝም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ማታ ማታ የት ላሳድረው? ደግሞስ ስመለስ እዚሁ ልተወው ወይስ ወደ ድሬ ሙቀት ልመልሰው?

አቦ ነኝ
ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 2፡55

አቦ! ርዕሱን አይቼ ነው እየሮጥኩ የገባሁት። አታለልከን።

ጅብ ነበር በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው። ዘንድሮ ውሻው ቀደመው።

የቀን ቆጣሪ
ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 3፡30

ወንድሜ፣ ጽሑፍህ ደስ ይላል። አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አቆጣጠር ይሄ ወቅት መፀው ይባላል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። ብዙ ሰው መስከረም ሲጠባ «ፀደይ ገባ» ይላል፤ ፀደይ ግን ከመጋቢት 26 በኋላ ነው። ከፈረንጆቹ የቅጠል መርገፊያ ወቅት ጋር ሲያዛምዱ ደግሞ በልግ የሚሉ አሉ። ይሄ የባሰ ነው። በልግ የዝናብ ወቅት ነው፤ የሐረርጌ ገበሬ በልግ ሲሉት በሬውን ነው የሚያስበው። በእኛ ዘንድ በዚህ ወር ቅጠል አይረግፍም፣ ይልቁንም አበባ ነው የሚፈነዳው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 6 ያለው ዘመነ ጽጌ የተባለውም ለዚያ ነው።

አቦ ነኝ
ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 3፡34

ጋሼ፣ ልጁ የጠየቀው ስለ ውሻው ነበር።

የጁገል ድመት
ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 1፡15

እኔ ጁገል፣ ሐረር በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ ነው ያደግሁት። ከጅብ ጋር የተያያዘ ነገር ሁሉ እኔን ይመለከተኛል 😄

መጀመሪያ፣ ውሻህ ልክ ነው። ፈሪ አይደለም፣ ብልህ ነው። የጮኸ ውሻ ያለበትን ቦታ ነው የሚናገረው። ጅብ ውሻን በቀላሉ ነው የሚበላው። ደጅ ላይ ታስሮ ያደረ ውሻ ደግሞ መሮጥ እንኳ አይችልም። በምንም ዓይነት አስረህ ደጅ አታሳድረው።

እኛ ጋ ከጅብ ጋር ያለን ነገር ለሌላ አገር ሰው አይገባውም። ጅቦቹ ሌሊት በግንቡ ቀዳዳ ገብተው በቀጫጭን መንገዶቻችን ይዞራሉ፣ ያገኙትን አጥንትና ትርፍራፊ ጠራርገው ጎህ ሳይቀድ ይወጣሉ። በልጅነቴ ሽንት ቤት ለመሄድ ወጥቼ አንዱን አጥር ጥግ ቆሞ አግኝቼዋለሁ። እሱም አየኝ፣ እኔም አየሁት። ሁለታችንም ወደ መጣንበት ተመለስን። በአሹራ ዕለት ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ይቀርብላቸዋል፤ ጥሩ አድርገው ከበሉ ዓመቱ ጥሩ ነው ይባላል። ከግንቡ ውጪ ማታ ማታ ሥጋ የሚያበሉት ሰዎች እያንዳንዷን በስሟ ይጠሯታል። «እያንዳንዷን» ያልኩት አውቄ ነው። የመንጋው አለቃ ሴቷ ናት፣ ከወንዱም ትገዝፋለች። ግን ይሄ ሁሉ የጁገል ጅብ ነው። ሰው የለመደ ነው። የአክስትህ ሸለቆ ጅብ ግን ከማንም ጋር ውል የለውም።

ስለ አክስትህ ደግሞ አትቀየማት። እኛም ቤት ውሻ አይገባም። ምራቁ የነካው ነገር መታጠብ አለበት፣ የሚሰግድ ሰው ባለበት ቤት ደግሞ ያስቸግራል። ድመት ግን ነፃ ናት። የእኛዋ እናቴ መስገጃ ላይ ነው የምትተኛው፤ እናቴ ራሷ «እስክትነሳ ልጠብቅ» ትላለች። የቡቺ ዕጣ ፈንታ በዚህ በኩል አልተሳካም።

መፍትሔው የፍየሎቹ በረት ነው። የገጠር ሰው በረቱን በእሾህ ያጥራል፣ በሩን ከውስጥ ይዘጋል። እዚያ ከፍየሎቹ ጋር ይደር። ይሞቀዋልም።

መርፌ ያዥ
ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 7፡20

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፣ በዚያው በምሥራቅ ሐረርጌ ነው የምሠራው። የጁገል ድመት ያለችው ልክ ነው። በረት ከመግባቱ በፊት ግን ጥቂት ነገር ልበል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አለው? በየዓመቱ መወጋት አለበት። የገጠር ውሻ፣ ቀበሮ፣ ጅብ፣ ሁሉም በሽታውን ሊያስተላልፍ ይችላል። አንድ ንክሻ ይበቃል፤ ውሻው ብቻ ሳይሆን ልጆቹም ናቸው አደጋ ላይ የሚወድቁት። ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም፤ ለሰውም ለእንስሳም። ማንም ሰው ውሻ ቢነክሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠበው፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ውሻው የራሴ ነው፣ ጤነኛ ይመስላል ብሎ መቀመጥ የለም። ቁስሉ ላይ የሚቀባ ቅጠልና በርበሬ እያየሁ ልቤ ይደማል።

ሁለተኛ፣ መዥገር። ክረምቱ እንደወጣ ሣሩ ረጅም ነው፣ ከብቱ ብዙ ነው፣ ስለዚህ መዥገሩም ብዙ ነው። ማታ ማታ ጆሮውን ከውስጥ፣ በጣቶቹ መሃል፣ ከጭራው ሥር በእጅህ ዳብስ። ካገኘህ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዘህ ቀጥ አድርገህ ሳብ። ክብሪት አታቃጥልበት፣ ጋዝ አታፍስበት። የድሬ ልጆች ጋዝ ትወዳላችሁ።

ሦስተኛ፣ የበሬ አጥንት ሰጥታችሁ ደስ ይበለው፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ግን አትስጡት። ይሰነጠቃል፣ አንጀት ይወጋል።

የከዚራ ልጅ
ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 1፡50

እናመሰግናለን ዶክተር። አንድ ጊዜ ተከትቧል። ካርዱ ግን ጠፍቷል።

ደግሞ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለእኔ ነው ወይስ ለቡቺ? ትናንት የቀረበልኝን አጥንት ሳልጨርስ ዓይኑን ጣለበት።

መርፌ ያዥ
ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 2፡05

ካርዱ የጠፋ ውሻ እንዳልተከተበ ነው የሚቆጠረው። ሐረር ወይም ሐረማያ ይዘኸው ሂድና አስወጋው። ዶክተር አይደለሁም፣ ግን ደስ አለኝ 😊

የፈዲስ ገበሬ ልጅ
ጥቅምት 14፣ ከጠዋቱ 3፡00

ሁላችሁም ጤዛ፣ ጥንቅሽ፣ ሆጃ ትላላችሁ። አልከፋም። ግን ቢራን ያየሁት ከሌላ በኩል ስለሆነ ልናገር።

በእኛ ቆላ ይሄ ወቅት የዓመቱ ጭንቀት ነው። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ግሪሳ ይመጣል። ወፏ ከድንቢጥ አትበልጥም፣ ምንቃሯ ቀይ ነው። አንድ ለብቻዋ ስታያት ታሳዝናለች። መንጋው ሲመጣ ግን ጢስ ይመስላል፣ አንዴ ይዘረጋል አንዴ ይሰበሰባል። አንድ እርሻ ላይ ካረፈ ጠዋት የነበረው ራስ ማታ ገለባ ነው። ከባሰ በአውሮፕላን መድኃኒት ይረጫል። እኔ ግን ልጅ ሆኜ አውሮፕላን አላየሁም፣ ያየሁት ማማ ነው። ጎህ ሳይቀድ ማማ ላይ ትወጣለህ፣ ወንጭፍህን ይዘህ። ጅራፍ ታጮሃለህ፣ ቆርቆሮ ትመታለህ፣ ድምፅህ እስኪዘጋ ትጮሃለህ። ትምህርት ቤት በጥቅምትና በኅዳር ግማሹ ክፍል ባዶ የሚሆነው ለምን ይመስልሃል?

ለማለት የፈለግኩት፣ የከዚራ ልጅ፣ «ላግዝ» ካልክ እውነት አግዝ። ልጆቹን ከማማው አውርድና ትምህርት ቤት ይሂዱ። ጥንቅሹን ሲመለሱ ይመርጡልሃል።

የከዚራ ልጅ
ጥቅምት 14፣ ከቀኑ 6፡30

ተቀብያለሁ። አፈርኩም። ነገ ጠዋት ማማው የእኔ ነው።

አቦ ነኝ
ጥቅምት 14፣ ከቀኑ 6፡41

የድሬ ልጅ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማማ ላይ? ድሬ ላይ እኮ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚነሳው ለመተኛት ነው።

ደንገጎ ላይ ሁለተኛ ማርሽ
ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 4፡10

ሹፌር ነኝ። በየሳምንቱ ድሬ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ እመላለሳለሁ። ስለ ብርዱ ልንገራችሁ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ሐረር 1,900 ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ይወርዳል። ሁለቱ ከተሞች ግን ከስልሳ ኪሎ ሜትር በታች ነው የሚራራቁት። ከድሬ በሸሚዝ ተነስቼ የደንገጎን ዳገት ስጨርስ ጃኬት እለብሳለሁ። ስመለስ ደግሞ ሸለቆው ውስጥ ገብቶ የነበረ ጉም ከእግሬ ሥር ሆኖ አየዋለሁ። በዓመት ውስጥ እንደ ጥቅምት የጠራ መንገድ የለም። ከላይ ሆነህ ድሬን አልፈህ የኢሳን በረሃ ታየዋለህ።

ለቡቺ ባለቤት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጦጣ ያባርር፣ ችግር የለም። ዝንጀሮ ግን አታስነካው። በዳገቱና ከታች በቆላው በኩል ያለው የእኛ ዝንጀሮ ወንዱ ግራጫ ጎፈር የደረበ፣ ፊቱ ቀይ፣ የክራንቻ ጥርሱ የነብር የሚያህል ነው። ውሻ ሲመጣ አይሸሽም፣ ዞሮ ይጠብቃል። አንድ የማውቀው የእረኛ ውሻ ሆዱ ተተርትሮ ነው የተገኘው።

ግን ደግሞ እንደነሱ የሚታይ ነገር የለም። አንድ ወንድ የራሱ ሚስቶች አሉት፣ አንዷ ዘግየት ካለች ሄዶ አንገቷን ነከስ አድርጎ ይመልሳታል። ቀን ቀን ተበታትነው ይውላሉ፣ ማታ ገደሉ ላይ ሲሰበሰቡ በመቶዎች ናቸው። በፈረንጆች በ1960ዎቹ ሃንስ ኩመር የሚባል የስዊስ ተመራማሪ ከድሬ ብዙም በማይርቀው ኤረር ጎታ ተቀምጦ ይሄን ባሕሪያቸውን አጥንቶ ነው ዓለም ያወቀው። እኛ በመስኮት ሙዝ እየወረወርንላቸው እናልፋለን። እባካችሁ አትወርውሩ። ሙዙን ሊያነሱ አስፋልት ላይ ሲገቡ ፍሬን የሚይዘው እኔ ነኝ፣ ከኋላዬ ሃያ ቶን ጭነት ይዤ።

ለውዝ ከባቢሌ
ጥቅምት 16፣ ከጠዋቱ 4፡25

ባቢሌን ሳትጠሩ የሐረርጌን አውሬ ማውራት ነውር ነው።

እኛ ጋ አሁን ለውዝ እየተነቀለ ነው። ትኩስ፣ ገና አፈሩ ያልደረቀ ለውዝ በጨው ተቀቅሎ በልታችሁ ታውቃላችሁ? ጃርትም ይወደዋል። ሌሊት መጥቶ ረድፉን ተከትሎ ቆፍሮ ይጨርሰዋል፣ ጠዋት የምታገኘው ቅርፊትና አንድ ሁለት እሾህ ነው። ከርከሮም አለ። ታናሽ ወንድሜ እሾሁን ይሰበስባል፣ እናቴ ደግሞ እሾሁን ባየች ቁጥር ስንት ኪሎ እንደሄደ ትቆጥራለች።

ዝሆኖቹስ? የባቢሌ የዝሆን መጠለያ በ1962 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው። ኤረርና ጎበሌ ወንዞችን ተከትለው ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። ድሮ አያቴ የሚሄዱበትን ወር ከቁልቋሉ ፍሬ ያውቅ ነበር ይላሉ። አሁን እርሻውም መንደሩም እየገፋ ስለገባ የሚገናኙት ማሽላ ውስጥ ነው፣ በዚያ ደግሞ ሁለቱም ወገን ይጎዳል። እኔ በሕይወቴ ሁለቴ ነው ያየሁት። ሁለቱንም ጊዜ መጀመሪያ የሰማሁት የቅርንጫፍ መሰበር ነው፤ ያን የሚያህል ፍጡር ሲራመድ ኮቴው አይሰማም። እንሹ እንኳ የበለጠ ትንኮሻኮሻለች።

ናፍቆት በርቀት
ጥቅምት 17፣ ከሌሊቱ 9፡00

ሚኒሶታ ነኝ። እዚህ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሆኖ ረግፏል፣ ያምራል፣ ፎቶ አንስቼ ለሁሉም ልኬያለሁ። ግን ማንም ከአጥር ማዶ ሆኖ «እሸት ደርሷል ና» አይለኝም።

ሐረማያ ሐይቅ ተመልሷል የሚሉት እውነት ነው? እኔ ስወጣ ደርቆ ነበር። መሃሉ ላይ ከብት ሲግጥ ትቼው ነው የመጣሁት።

የከዚራ ልጅ
ጥቅምት 19፣ ከምሽቱ 1፡30

ናፍቆት፣ ትናንት ቡቺን ላስወጋ ስሄድ ለአንተ ስል ሐይቁን አየሁት። ውኃ አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የደረቀው፣ የሐረርን ሕዝብ ያጠጣ የነበረው ያ ሐይቅ፣ ውኃ አለው። ዳክዬዎች ዳር ዳሩን ይዋኛሉ። ከብቶቹ እግር ሥር ደግሞ ደረቷ ቢጫ የሆነ፣ ጭራዋን የማታሳርፍ ትንሽ ወፍ ትሯሯጣለች። ከብቱ የሚያስነሳውን ዝንብ ነው የምትለቅመው። አንድ እዚያ የቆመ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እነዚህ የአገራችን አይደሉም፣ አውሮፓ ሲበርድ ነው የሚመጡት አለኝ። ክፉ ብርድ ሸሽተው ወደ እኔ ብርድ መጡ።

ግን ዳሩን ሁሉ የውኃ ፓምፕ ቆሞበታል፣ ቱቦው ወደ ጫቱና ወደ አትክልቱ ይሄዳል። ዳክዬዎቹ ድምፁን ለምደውታል። እኔ አልለመድኩትም።

ማማው ላይ አራት ቀኔ ነው። በወንጭፍ የመታሁት ነገር ቢኖር የራሴን ጆሮ ነው። ልጆቹ ግን ትምህርት ቤት ናቸው።

የፈዲስ ገበሬ ልጅ
ጥቅምት 19፣ ከምሽቱ 1፡48

ጎበዝ። ወንጭፉን ስትለቅ ክርንህን አታንሳ።

የቀን ቆጣሪ
ጥቅምት 20፣ ከጠዋቱ 2፡10

ከወቅቱ ሳልወጣ፣ ጉርሱም ያላችሁ ካላችሁ ቁንዱዶ ተራራን አትርሱ። ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ፣ አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ ነው። ላዩ ላይ ባለቤት የሌላቸው የዱር ፈረሶች አሉ። በዚህ ወር ሣሩ ገና አረንጓዴ ስለሆነ ማየት ለሚፈልግ ጊዜው አሁን ነው። ጉልበት ግን ይጠይቃል። እኔ በሃምሳ ዓመቴ ወጥቼ ለሦስት ቀን ደረጃ መውረድ አልቻልኩም።

አቦ ነኝ
ጥቅምት 20፣ ከጠዋቱ 2፡30

ጋሼ ይቅርታ፣ በዚህ አሸነፉኝ። ፈረሶቹን ለማየት እመጣለሁ። ቢራ ይዤ 🐎

የጁገል ድመት
ጥቅምት 26፣ ከምሽቱ 1፡00

የከዚራ ልጅ ጠፋህ። ቡቺስ?

የከዚራ ልጅ
ጥቅምት 27፣ ከምሽቱ 1፡20

አለሁ። ነገ ወደ ድሬ እመለሳለሁ።

ቡቺ በረት ማደር ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። መጀመሪያ ፍየሎቹ ጥግ ይዘው ቆሙ፣ እሱም ሌላ ጥግ ያዘ። በሦስተኛው ሌሊት አንዷ ግልገል ሆዱ ላይ ተኝታ ነጋ። ጅቡ አሁንም ይጮሃል። ቡቺ ጆሮውን ብቻ ያቆማል፣ ድምፅ አያሰማም። ጦጣ ሲያይ ግን ባጃጅ ያገኘ ነው የሚመስለው። ከሰዓት ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ማሳው ዳር ድረስ ሄዶ ይቀበላቸዋል።

ዛሬ ጠዋት አክስቴን ከጓዳው ጀርባ አገኘኋት። ቁጢጥ ብላ አጥንት ትሰጠዋለች። የበሬ ነው፣ አይቻለሁ። ስታየኝ ብድግ አለችና «አንተ ሂድ፤ እሱ አይሄድም» አለችኝ። ቤት ግን አሁንም አይገባም።

እና ነገ ረዳቱ የአንድ ሰው ብቻ ያስከፍለኛል።

አቦ ነኝ
ጥቅምት 27፣ ከምሽቱ 1፡24

ግልገሏ ሆዱ ላይ ተኝታ ፎቶ የለም? ያለ ፎቶ አላምንም።

የከዚራ ልጅ
ጥቅምት 27፣ ከምሽቱ 1፡41

አለ። ግን ኔትወርኩ ፎቶ አይጭንም። ለዚያ ኮረብታው ላይ መውጣት አለብኝ፣ አሁን ደግሞ መሽቷል። ከሸለቆው በኩል ጀምሯል።